የበደል ቤት ይፍረስ ወይስ ይጠበቅ?

ሰው በደል የተፈጸመበትን ስፍራ ሲያይ ልቡ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ይፍረስ፤ ዐይናችን አይየው» ይላል። ሌላው ወገን «ይቆይ፤ ልጆቻችን ይዩት» ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ የመጀመሪያው ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ይፈራል፣ ሁለተኛው ቁስሉ እንዳይረሳ ይፈራል። በዚህ እትም ከምእመናንና ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጋር ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ይኸው ነው። በደል የተፈጸመበትን ቤት ጠብቆ ማቆየት፣ ቤተ መዘክር አድርጎም ለሕዝብ ማሳየት፣ በሥነ ምግባርና በእምነት ዐይን ሲታይ ተገቢ ነውን? ተገቢስ ከሆነ በምን ዐይነት አኳኋን?

ጥያቄው ለታሪክ ሊቃውንት ብቻ የተተወ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እኛ በአቦቦ የምንኖር ሰዎች ከማንም ይልቅ ይመለከተናል። በዚህ ምድር ከጥንት የኖሩት አኙዋክ ወገኖቻችን የሚያስታውሱት አላቸው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረኃብ ምክንያት ከደጋው አገር በሠፈራ የመጡት ወገኖቻችንም የሚያስታውሱት አላቸው። አንዱ የተቀበለውን መከራ ሌላው አያውቀውም፤ ወይም እያወቀ አይጠይቅም። በአንድ ቁምስና አብረን እየቆረብን የየብቻችንን ትዝታ ተሸክመን ወደ የቤታችን እንመለሳለን። ስለዚህ ያለፈውን እንዴት አድርገን እንጠብቅ የሚለው ጥያቄ የዕለት ኑሯችን ጥያቄ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት አንድ የታወቀ ቤት እንውሰድ። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ውስጥ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ይህ ቤት ከፋሺስት ወረራ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያነት ተሠራ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የወራሪው እንደራሴ መቀመጫ ሆነ። ከ1933ቱ ድል በኋላ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሰ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ለከፍተኛ ትምህርት ተሰጠ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት ቤተ መዘክሩም በዚያው ቤት ውስጥ ሆነ። እንግዲህ አንድ ቤት በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ የንጉሥ እልፍኝ፣ የወራሪ ጽሕፈት ቤት፣ የተማሪዎች መማሪያ ሆነ ማለት ነው።

ከአቦቦ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ከካቴኪስቶች ጋር ይህን ቤት በጎበኘን ጊዜ በመጀመሪያ ያስቆመን በውስጡ ያለው ዕቃ ሳይሆን ከደጁ ያለው ነገር ነበር። በቤቱ ፊት ለፊት እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ነገር ግን ወደ የትም የማያደርስ የድንጋይ ደረጃ አለ። ፋሺስቶች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ፋሺስቶች ሮማን ከያዙበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የአገዛዛቸውን አንዳንድ ዓመት እንዲያመለክት ተደርጎ እንደ ተሠራ ለጎብኚዎች ይነገራል። ከነጻነት በኋላ በደረጃው ጫፍ ላይ የአንበሳ ሐውልት ተቀመጠበት። ከመካከላችን አንድ በዕድሜ የገፉ ካቴኪስት ቆም ብለው፣ «አባ፣ ጠላት ለራሱ ክብር የሠራውን ለምን አላፈረሱትም?» ሲሉ ጠየቁ። እኛ መልስ ለመስጠት ስናስብ ሌላው ጓደኛቸው ቀድመው፣ «ቢያፈርሱት ኖሮ አንበሳው በምን ላይ ይቆም ነበር?» አሉ።

ይህ መልስ ለጨዋታ የተነገረ ቢመስልም ትልቅ የሥነ ምግባር ትምህርት አለበት። ደረጃው ሐሰትን እንዲናገር ተሠርቶ ነበር፤ የፋሺስት ዘመን እየጨመረ፣ እየወጣ፣ ማለቂያ ሳይኖረው ይሄዳል የሚል ሐሰት። ነጻ የወጣው ሕዝብ ድንጋዩን አላፈረሰም፤ ዝም ብሎም አልተወውም። አንድ ነገር ጨመረበትና ያው ድንጋይ እውነትን እንዲናገር አደረገው። ቢፈርስ ኖሮ ሐሰቱ መነገሩም ይረሳ ነበር። እንዳለ ቢተው ደግሞ ሐሰቱ መናገሩን ይቀጥል ነበር። ሦስተኛው መንገድ ጠብቆ ማረም ነው። ጽሑፋችንም የሚሟገተው ለዚህ ለሦስተኛው መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ጠብቆ ማረም ቀላል ሥራ አይደለም። እውነቱ ሙሉ እንዲሆን ይጠይቃል። በዚያው በገነተ ልዑል ግቢ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። የኢጣልያ ንጉሣዊ ቤተሰብ ልዑል በመወለዱ ምክንያት እንደራሴው ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ የአዲስ አበባን ችግረኞች ወደ ግቢው ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩበት፤ ግራዚያኒም ቆሰለ። ከዚያ በኋላ ወታደሮቹ ምጽዋት ሊቀበሉ በመጡት ድሆች ላይ ተኮሱ፤ ለሦስት ቀናትም በከተማዋ ሰው ተጨፈጨፈ፣ ቤት ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ሲል መዝግቦታል፤ ከዚያ በኋላ የተደረገ ጥናት ደግሞ ወደ 19,000 ገደማ ያደርሰዋል። ምጽዋትና ግድያ በአንድ ቀን፣ በአንድ ግቢ፣ ከአንድ እጅ ወጡ። ይህን የምናነብ ክርስቲያኖች ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ለድሃ የሚሰጥ ሁሉ ድሃውን ያከብራል ማለት አይደለም። ድሃውን የክብሩ ማሳያ ያደረገው ሰው፣ ክብሩ በተነካ ጊዜ በዚያው በድሃው ላይ ይነሣል።

ነገር ግን ያ ቤት የሚናገረው የባዕድን በደል ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ በዚሁ ቤተ መንግሥት በአረንጓዴው ሳሎን ታግተው የነበሩ የአገሪቱ ባለ ሥልጣናት በጥይት ተገደሉ። ገዳዮቹም ሟቾቹም የአንድ አገር ልጆች ነበሩ። እንግዲህ የቤቱን ታሪክ የሚተርክ ሰው በ1929 ዓ.ም. ላይ ቆሞ ቢያበቃ ግማሽ እውነት ተናገረ ማለት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ሰሚውን ያስታብያል፤ ክፋት ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ፣ እኛ ግን ዘወትር ንጹሓን የሆንን ያስመስለዋል። በደል የተሠራበት ቤት ለነፍስ የሚጠቅመው የሌላውን ጣት ብቻ ሳይሆን የራሳችንንም እጅ ሲያሳየን ነው።

ይህን ሕግ ለሌላው አውጥተን ለራሳችን ብንተወው ግብዝነት ይሆናል። ስለዚህ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ዘመን ታሪክ ውስጥ ያላትን ስፍራ ሳንሸሽግ ልንናገር ይገባናል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1935፣ ጦርነቱ በተጀመረበት ወር፣ የሚላኖው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው ባሰሙት ስብከት ወረራውን የክርስቶስን መስቀል ወደ ኢትዮጵያ እንደሚያደርስ ሥራ አድርገው አወደሱ። ያ መስቀል ይደርሳታል የተባለችው አገር መስቀልን ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት አስቀድማ የተቀበለች ነበረች። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ፣ በ1929 ዓ.ም. አቡነ ሚካኤል በጎሬ፣ ማለትም ከጋምቤላ በላይ በሚገኘው ደጋ፣ በወራሪዎቹ ጥይት ወደቁ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ ተረሸኑ። እነዚህ ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን የሞቱት መስቀል በተሳሉ ሰዎች ትእዛዝ ነው። ካርዲናሉ በ1938 እ.ኤ.አ. የፋሺስቱን የዘር ትምህርት በግልጥ ተቃውመው መናገራቸውም እውነት ነውና ይህንንም መናገር ይገባል። ሙሉ እውነት ማለት ይህ ነው፤ የሚያሳፍረውንም የሚያስመሰግነውንም በአንድ ላይ ማስቀመጥ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2000 በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በዓለም ፊት ቆመው የቤተ ክርስቲያን ልጆች በዘመናት ስለ ፈጸሙት በደል ይቅርታ በለመኑ ጊዜ ይህን መንገድ «የትዝታ መንጻት» ብለው ጠርተውት ነበር። ትዝታን ማንጻት ትዝታን ማጥፋት አይደለም። ወርቅ በእሳት ሲነጻ ወርቁ አይጠፋም፤ የሚቃጠለው ዝቃጩ ነው። በትዝታ ውስጥ ያለው ዝቃጭ ውሸትና ጥላቻ ነው፤ ወርቁ እውነትና ፍቅር ነው። በምስጢረ ንስሐም የምናደርገው ይኸው ነው። ኃጢአቱን ያልጠራ ሰው ይቅርታውን እንዴት ሊቀበል ይችላል?

አሁን ወደ ገዛ ምድራችን እንመለስ። የቅኝ ግዛት ዘመን ታሪክ በአዲስ አበባ ግንብ ላይ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው የድንበር ውል መሠረት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተከራዩ። ውሉ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ የሚጸና ነበረ። ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቋመ። ወንዙ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት መርከቦች ከሱዳን እየመጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ፣ ቡና ይጭኑ ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ስትወጣ ስፍራው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በዚያ ወንዝ ዳር ቡናውን በትከሻው ያወረደው፣ መርከቡን የጫነው ማን ነበር? የሚጠበቅ ቤት ሁሉ የባለቤቱን ስም ይነግረናል፤ የተሸካሚውን ስም ግን ካልጠየቅን አይነግረንም።

ሌላም አለ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ጋምቤላን ከኢጣልያ ጦር ያስለቀቁት ከቤልጂክ ኮንጎ የመጡ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ። ከዚያም ወደ ደምቢ ዶሎ ወጥተው በክረምቱ መግቢያ የጄኔራል ጋዜራ ጦር እጁን እስኪሰጥ ድረስ ተዋጉ። እነዚህ ሰዎች አገራቸው ራሷ በባዕድ ቀንበር ሥር ነበረች። ለራሳቸው ያልነበራቸውን ነጻነት ለእኛ ለማስገኘት አፍሪካን አቋርጠው መጡ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በዚህ ምድር ተቀበሩ። በአቦቦና በጋምቤላ ካሉት ልጆቻችን ይህን የሚያውቅ ስንት ነው? ውለታን መርሳትም በደልን እንደ መርሳት ያለ ጉድለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ እንደሚችሉ እናውቃለን፤ ሁለቱም በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም።

የመጀመሪያው እንዲህ የሚል ነው፦ «ያለፈውን መቀስቀስ ቂምን መቀስቀስ ነው፤ የተኛን በደል አትንኩት።» በጋምቤላ ለሚኖር ሰው ይህ ፍርሃት ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ስምንት ሰዎች በመንገድ ላይ ተገደሉ፤ ከዚያም በጋምቤላ ከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኙዋክ ወገኖቻችን ተገደሉ። ያለቀሱ እናቶች ከሁለቱም ወገን ናቸው። ደም ደምን ሲጠራ በዐይናችን ያየን ሰዎች «እንርሳው» ብንል የሚፈርድብን የለም። ነገር ግን እውነት ያልተነገረለት በደል አይተኛም። በጓዳ ይነገራል፤ በጓዳም ሲነገር እየጨመረ፣ እየተጣመመ ይሄዳል። ልጁ ከአባቱ የሚሰማው የሌላውን ወገን ጥፋት ብቻ ነው፤ የሌላው ወገን ልጅም እንዲሁ። ቂምን የሚያሳድገው ትዝታ ሳይሆን የተከፈለ ትዝታ ነው።

ከትንሣኤው በኋላ ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ በተገለጠ ጊዜ የሆነውን እናስብ። የከበረው ሥጋው የችንካሩን ምልክት ይዞ ነበር። ሊያጠፋው የሚችል አምላክ አላጠፋውም። እጁንና ጎኑን አሳያቸው፤ ከአንደበቱ የወጣው ግን ሰላም ነበር። ስለ ገዳዮቹ አልጠየቀም፤ ትተውት የሸሹትንም አላሳፈረም። ቁስሉ ባይታይ ኖሮ ሰላሙ ርካሽ በሆነ ነበር፤ ሰላሙ ባይነገር ኖሮ ቁስሉ ክስ ብቻ በሆነ ነበር። ክርስቲያን ያለፈውን የሚጠብቅበት ሥርዓት ከዚህ የተቀዳ ነው፤ ቁስሉ ይታይ፣ ሰላሙም ይነገር።

ሁለተኛው ተቃውሞ የድህነታችን ነው። «ሕዝቡ የሚበላው ሳይኖረው፣ ክሊኒኩ መድኃኒት ሲጎድለው፣ ለአሮጌ ቤት ገንዘብ ማውጣት ምን ይሉታል?» የሚል አለ። ሚዛናዊ ጥያቄ ነው። የተራበውን ሳያበሉ ግንብ መቀባት በእርግጥ ኃጢአት ነው። የገነተ ልዑል ታሪክ ግን ሁለቱ የግድ እንደማይጣሉ ያሳየናል። ቤቱ የተጠበቀው ተዘግቶ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ሆኖ ነው። ድሆች በተገደሉበት ግቢ የድሃ ልጆች ተምረዋል፤ ሐኪም፣ መምህር፣ ዳኛ ሆነው ወጥተዋል። በቤቱ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል እንዳለ ተጠብቆ አይተናል፤ በሌሎቹ ክፍሎች ደግሞ የኢትዮጵያ ሕዝቦች ኑሮ ከልደት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ተዘርግቷል። የሕፃን መያዣው፣ የአርሶ አደሩ መሣሪያ፣ የመቃብሩ ምልክት በቤተ መንግሥት ጣሪያ ሥር ስፍራ አግኝተዋል። ዱሮ በዚያ ደጅ ለመግባት የማይፈቀድለት ሰው ዛሬ የራሱን ዕቃ በክብር ተቀምጦ ያያል። ለመጠበቅ የሚበቃ ቤት ማለት በደል የነበረበትን ስፍራ ለተበደለው ወገን አገልግሎት የሚመልስ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጌታችን የሰጠውን ማስጠንቀቂያ ልንዘነጋ አይገባም። ፈሪሳውያን የነቢያትን መቃብር እየሠሩና እያስጌጡ እኛስ በአባቶቻችን ዘመን ብንሆን ኖሮ ከእነርሱ ጋር አንተባበርም ነበር ይሉ እንደ ነበር በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ተጽፏል። ጌታም በዚህ አልተደሰተባቸውም። የሞተውን ነቢይ እያከበሩ ሕያዉን ለመግደል ይመክሩ ነበርና። በየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ፊት አበባ ያኖረ ሰው፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከእርሱ ዘር ያልሆነውን ጎረቤቱን ቢንቅ፣ ሐውልቱ ይፈርድበታል። ቤተ መዘክር ጎብኝቶ «እነርሱ እንዴት ክፉዎች ነበሩ» ብሎ ብቻ የወጣ ሰው ገና አልጎበኘም። «እኔ በዚያ ቀን በዚያ ግቢ ወታደር ብሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን የጎበኘው ሕሊናውን ነው።

የቋንቋችን ቃል ራሱ መንገዱን ይመራናል። ቤተ መዘክር የምንለው ቃል ዘከረ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ዝክርና ተዝካርም ከዚያው ይወጣሉ። ተዝካር ስናወጣ ሟቹን ብቻ አናስብም፤ ድሃውን ጠርተን እናበላለን፣ የተጣላውን እናስታርቃለን። በቅዳሴም የጌታን ሞት ስናስብ ሞቱን ብቻ አንናገርም፤ ከአንድ ኅብስት እንካፈላለን። በእኛ ዘንድ ማሰብ ማለት ማካፈልና ማስታረቅ ነው። ይህን የማያደርግ ዝክር በጓዳ የሚያድግ ቂም ይሆናል።

ስለዚህ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሦስት ነገሮችን በትሕትና እናሳስባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጸሎት ቤት በአካባቢው ያሉ አዛውንትን፣ አኙዋኩንም ከደጋ የመጣውንም፣ እያስቀመጠ ያዩትን ይጠይቅ፤ በደብተርም ይጻፍ። ሽማግሌ ሲሞት ያልተጻፈው ሁሉ አብሮት ይቀበራልና። ሁለተኛ፣ የተጻፈው የአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ለልጆች አይነበብ፤ የሌላው ወገን ሲጨመርበት ሁለቱ አብረው ይነበቡ። ሦስተኛ፣ በሙታን መታሰቢያ ዕለት የራሳችንን ሟቾች ብቻ ሳይሆን የሌላውን ወገን ሟቾች፣ ስማቸው ያልታወቀውንም ወታደሮችና ተሸካሚዎች፣ በጸሎት እንጥራቸው።

ኢያሱ ዮርዳኖስን በተሻገረ ጊዜ ከወንዙ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች እንዲወጡና እንዲቆሙ አዘዘ። ምክንያቱም ልጆቻቸው አንድ ቀን የድንጋዮቹን ትርጉም እንደሚጠይቁ ያውቅ ነበር። ዐሥራ ሁለት መሆናቸውን ልብ እንበል፤ አንድም ነገድ አልቀረም። የእኛም ልጆች ይጠይቁናል፤ ምናልባትም መጠየቅ ጀምረዋል። ያን ጊዜ አንድ ድንጋይ ብቻ አንሥተን እንዳንገኝ የትዝታችን አምላክ ይርዳን፤ የተለያየውን ትዝታችንን አንድ ያድርግልን፤ አሜን።